የማሲሬ ምንጣፍ

ኮናክሪ ውስጥ አክሮባት የሠራ ሰው ሁሉ አሰልጣኝ አልሴኒን ያውቃል። ማሲሬ ያደገችው በእሱ እጅ ነው፤ «አባባ» ትለው ነበር። ሃያ ዓመት ሲሆናት ቡድናችን ለትርኢት ውጭ አገር ሊሄድ ተዘጋጀ። አንድ ጠዋት አልሴኒ ገና ሰውነቷን ሳታፍታታ እግሮቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ መሬት እንድትነካ አዘዛት። ጡንቻዬ አልሞቀም አለችው። እንደታዘዘችው እግሮቿን መዘርጋት ስትጀምር ሄዶ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ። አጠገቧ ስለነበርኩ የታፋዋ ጡንቻ ሲበጠስ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ቦታዋን ለእህቱ ልጅ ሰጠ። ማሲሬን የጎዳት ስንፍናዋ ነው ብሎም አስወራ። እኛም ዝም አልን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ዳር ስታነክስ እናያት ነበር። መጀመሪያ እየተራመደች ሰውነቷን ታሞቃለች። ከዚያ እግሯን በጥቂቱ ትዘረጋለች፤ ሲወጥራት እዚያው ላይ ቆማ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሳትነጥር፣ ትንፋሿን ቀስ እያደረገች እስከ ሠላሳ ትቆይበታለች። ካመማት ትመለሳለች። አንድ ቀን ቁጥሩ አይሰለችሽም ወይ አልኳት።

«ቁጥር አልቆጥርም» አለችኝ። «የእሱን ስም ነው የምጠራው። ሠላሳ ጊዜ።»

ስትድን ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ ይህንኑ ሰውነት ማፍታታት ማስተማር ጀመረች። የአልሴኒ ሰልጣኞች ወገባቸውን፣ ጉልበታቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ወደ እሷ መጡ። እኔም መጣሁ። ማናችንንም አልጠራችንም፤ ግን በበሩ ስንገባ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ የደግነት ብቻ አልነበረም። ማስተማር በጀመረች በአራተኛው ዓመት የአልሴኒ ቡድን ፈረሰ።

በመጨረሻ ራሱ መጣ። ወገቡ ተይዞ ጫማውን ማሰር እንኳ አቅቶት ነበር። ማሲሬ በጀርባው አስተኛችውና ሁላችንንም ጠርታ ዙሪያውን አስቀመጠችን። አንድ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፋ መዳፏን አሳረፈችበት። አልጫነችም፤ አላነሳችም። ሸሚዙ በላብ ራሰ።

«ልጄ፣ ቀስ በይ» አላት።

«ልጅህ አይደለሁም። ያን ቀን ምን እንዳደረግከኝ ንገራቸው።»

«የድሮ ነገር ምን ያደርግልሻል?»

«እኔ አልቸኩልም» አለችው።

ተናገረ። ትከሻዋ ላይ የተቀመጠው ሆን ብሎ መሆኑን፣ የእህቱን ልጅ ለማሳለፍ መሆኑን፣ ስንፍናዋ ነው ብሎ ያስወራው ውሸት መሆኑን ጣራ ጣራውን እያየ ነገረን። ያለቅስ ነበር። እሷ ከዚያ በኋላ ሥራዋን ጀመረች፤ ለማንኛችንም እንደምታደርገው፣ አንዴም ሳታሳምመው።

ስድስት ሳምንት በየጠዋቱ ተመላለሰ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ከመጀመሪያው ታስነግረው ነበር። አንዳንዶቻችን አሁንስ በዛ አልን፤ እሷ ግን አልሰማችንም። ወገቡ ቀጥ ባለ ቀን እጇን ይዞ ይቅርታ ለመናት።

«ወገብህን አድኜልሃለሁ» አለችው እጇን እያስለቀቀች። «ሌላውን ግን አልሰጥህም።»

ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኛት ቆሞ ሰላም ይላታል። እሷ አልፋው ትሄዳለች።