ፈረሰኛ ያለበት ሳንቲም

ልብስ ሰፊዋ የድሮ ሳንቲም ካየች ሌላው ሁሉ ይጠፋባታል። በሽታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰው ያገለገለ ሶፋና የሕፃን አልጋ በሚፈልግበት የስልክ ማስታወቂያ ገጽ ላይ እሷ የምታድነው የሞቱ ነገሥታትን ሳንቲም ነው።

ያን ሰሞን የዓመታት ምኞቷ ብቅ አለ፤ ፈረሰኛ ያለበት የብር ሳንቲም፣ ከስብስቧ የጎደለው አንዱ። ሻጩ ጡረተኛ ነኝ፣ እግሬን ስለሚያመኝ ቤቴ ነይ አላት። እሷ ደግሞ ሰው በሞላበት ቦታ ካልሆነ ገዝታ አታውቅም። በዚያ ላይ በማስታወቂያ ተጠርቶ ሄዶ ተደብድቦ የተዘረፈ ሰው ወሬ ከተማውን አዳርሶታል። ፈራች። ግን ሌላ ሰው ይቀድመኛል የሚለው ፍርሃት በለጠባት።

ስለዚህ ወንድሟን ይዛ ሄደች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በዓለም ላይ ከሱ ሌላ ሰው የላትም። ትከሻውን ያየ ሁሉ «ጋራው» ይለዋል፤ ዳቦ ቤት ዱቄት ይሸከማል። ጋራነቱ ግን ለስም ያህል ነው፤ ሰው ሲጣላ ካየ መንገድ ይቀይራል።

«እታለም፣ ይቅርብሽ» አላት የሻጩ ቤት ደረጃ ላይ። «እኔ ድብድብ አልችልም።»

«ማን ተደባደብ አለህ? በሩ ጋ ቁም። ብጮህ አፌን ያፍኑኛል፤ ስለዚህ የቤቴን ቁልፍ መሬት ላይ እጥላለሁ። ብረት ሲያቃጭል ከሰማህ ምንም ሳትጠይቅ ግባ።»

«በሩ ቢቆለፍስ?»

«ታዲያ ያ ሁሉ ትከሻ ለምን ተሰጠህ!»

ሳቀና በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

ጡረተኛው ከፈተላት። ፒጃማ ላይ ኮት የደረበ፣ ዐይኑ የማያርፍ ሽማግሌ ነው። ገና ከመግባቷ መቀርቀሪያውን ከኋላዋ ገጭ አደረገው። ዘወር ብላ አየችው።

«ምነው ጋሼ፣ በሩን?»

«ልማድ ነው ልጄ፤ ጊዜው ክፉ ነው። ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ» ብላ ዋሸች፣ ደጅ የቆመውን እንዳያውቅባት። «እርስዎስ?»

«እኔም ብቻዬን።»

ውሸታም! በመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሥር የሁለት ጫማ አፍንጫ ይታያል። መጋረጃው ይተነፍሳል። ቁልፉን ልጣል ወይስ ልጠብቅ እያለች እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይኼን ጊዜ ሽማግሌው አመዱ ቡን አለ፤ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ዘራፊ የሆነ ሰው ምን ያልበዋል ብላ ብታስብ ምን ነበረበት! እሷ ግን ሊገድለኝ ሲዘጋጅ ነው አለች።

«በይ እዪው» አለና መሃረቡን ፈታ።

ሳንቲሙን አነሳችው። የፈረሱ ጋማ አልተፋቀም፤ የዘመኑ ጥቁረት እንዳለ አለ፤ ማንም አልፈተገውም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ። ጫማው፣ መጋረጃው፣ መቀርቀሪያው፣ ደጅ የቆመው ወንድሟ፣ ሁሉም ከራሷ ጠፋ። ሳንቲም ሰብሳቢ ብርን በድምፁ ይለየዋል፤ በእርሳስ የተሠራ ሐሰተኛ ዱብ ብሎ ይቀራል፣ ብር ግን ይዘፍናል። እጇ የለመደውን አደረገ፤ ሳንቲሙን የሸክላው ንጣፍ ላይ ለቀቀችው።

ቅልልል ብሎ ቤቱን ሞላው።

«እውነተኛ ነው!» ብላ ሳትጨርስ በሩ ከነመቀርቀሪያው ተገንጥሎ ገባ። ጋራው ዐይኑን ጨፍኖ ነው የገባው፤ እግሩ በተገነጠለው እንጨት ተጠልፎ በጉልበቱ ወደቀ።

«እህቴን ልቀቋት!»

«ተው! ደህና ነኝ!» ብላ ጮኸች። ማን ሰምቷት! መጋረጃው ተገለጠና አንዲት አጭር አሮጊት «ባሌን ሊገድሉት ነው!» እያለች ዘነዘና ይዛ ወጣች። የመታችው አንዴ ብቻ ነው፣ አናቱ ላይ።

ጋራው ተዘረረ።

አሮጊቷ የያዘችውን ወርውራ ራሷን ያዘች። «ሌባ መስሎኝ! በማስታወቂያ የሚመጡት ሰው ይገድላሉ ሲባል ሰምተን ፈርተን ነው! ወይኔ ጉዴ፣ ምን አደረግሁ!» ጡረተኛው አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩን ይዞ የገዛ ቤቱ አድራሻ ጠፋበት።

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ከአፏ የወጣውን ያን ምልክት እየረገመች ትንሰቀሰቃለች።

«ጋራዬ! የኔ ልጅ! አፈር ስሆን ዐይንህን ግለጥ!»

ገለጠ። አያትም። ግን እንደ መንገደኛ ነው ያያት። እጇን በዚያ ሰፊ መዳፉ ያዘና በመከራ ተናገረ።

«እትዬ፣ እባክዎ… እህቴ ውስጥ ናት። ቶሎ ያውጡልኝ፤ ፈርታለች።»

«እኔ ነኝ» አለችው። «እታለም ነኝ፤ እየኝ… እየኝ እንጂ!»

እሱ ግን እሷን አልፎ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ያይ ነበር።