የፍራሽ ሰሪው ግራ ጎን

ፍራሽ ሰሪ ወገቡን ያመዋል ተብሎ አይወራም። ከተወራማ ማን ደፍሮ ፍራሹን ይገዛል? ስለዚህ ጋሽ ምቾት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ህመሙን ዋጥ አድርጎ ኖረ። ምቾት ያሉት ደንበኞቹ ናቸው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ረስቶታል ይባላል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የሚነሳው በየተራ ነበር፤ መጀመሪያ አንገቱ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ ወገቡ፣ በመጨረሻ ጉልበቶቹ እያጉረመረሙ ይከተላሉ። ግራ ጎኑ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ከጎድኑ ላይ አንዲት ሳንቲም የምታክል ቦታ ትወጋዋለች። ሱቅ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎንበስ ብሎ ስፖንጅ ሲለካ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ደንበኞች ፈገግታ ነው ብለው ያልፉታል።

ሱቁ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከፊት የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ስፖንጅ፣ በመስኮቱ በኩል የሚስቱ የስፌት መኪና። እሱ ይቆርጣል፣ ይሞላል፣ በረጅሙ መርፌና በሲባጎ ይወጋል፤ እሷ ሽፋኑን ትሰፋለች። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። እሱ ወሬኛ ነው፣ እሷ ቁጥብ ናት። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋታል፤ ይህን ባየ ቁጥር «የእኔ ሴትዮ ስትሰፋም ታልማለች» እያለ ሰው ፊት ያሾፍባታል። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ክሯን ትቀጥላለች።

በእንቅልፉ ግን የሚኮራ ሰው ነበር። ጋደም ከማለቱ ማንኮራፋት ይጀምራል፤ ድምፁ ግድግዳ ተሻግሮ ጎረቤት ይደርሳል። እሱ ይህን የሱቁ ማስታወቂያ አድርጎ ይዞታል። ገዢ ሲያመነታበት፣ የእኔ ፍራሽ እንዴት እንደሚያስተኛ ጎረቤቶቼን ጠይቅ ይላል። እንዲህ ተኝቶ አድሮ ጠዋት ድንጋይ ሲሸከም ያደረ መስሎ መነሳቱ ታዲያ የማን ጥፋት ነው? የፍራሹ እንጂ የማን ሊሆን!

ስለዚህ ለራሱ ፍራሽ ይሠራ ጀመር። የጥጥ ሠራ፣ ጎረበጠው። ጠንካራ ስፖንጅ አደረገ፣ ትከሻው ብሶበት አደረ። ለስላሳውን ደረበበት፣ ወገቡ ሰመጠ። የብረት ሞላ ያለው፣ ሳር የተሞላው፣ መሃሉ ጠንካራ ዳሩ ለስላሳ የሆነው፤ በዘጠኝ ዓመት አስራ አንድ ፍራሽ። እሱ የጣለውን ዘመድ ወስዶ በሰላም ይተኛበታል። ለራሱ ሲሆን ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

በመጨረሻ ትከሻው ከዳው። አንድ ቀን መርፌውን ወፍራም ፍራሽ ውስጥ ግማሽ መንገድ አድርሶ ማለፍ አቃተው፤ ተክሎት ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ከመኪናዋ ተነስታ ከወዲያኛው ወገን ሳበችለት። ያኑ ዕለት ታናሽ ወንድሙን ጠርቶ በሦስት ወር ውስጥ ሱቁን እንደሚለቅለት ነገረው፤ ወንድምየው የስልክ ዕቃ ሊሸጥበት ከድሮም ዓይኑን ጥሎበት ነበር። ጋሽ ምቾት ይህን ሲናገር ስቋል። ቤቱ ሲገባ ግን አለቀሰ። ፍራሽ ካልሠራ ምን እንደሚሆን አያውቅም።

እጁን ይዛ ሐኪም ቤት የወሰደችው ሚስቱ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አለችው፤ ለእሷ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ወጣቷ ሐኪም የሰው አካል የተሳለበት ወረቀት ሰጥታ የሚያምዎት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ ስትለው፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ እንደ ስፖንጅ መስመር ያሰምርበት ጀመር። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ያልተሰመረበት የቀረው አፍንጫው ብቻ ነበር። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንቅልፍስ እንዴት ነው አለችው።

ደረቱን ነፋ አድርጎ «እንቅልፍማ እንደ ሕፃን ነው» አላት።

«ይሞታል» አለች ሚስቱ ከጎኑ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። አንገቷን ደፍታ ቀጠለች። «ሲያንኮራፋ ሲያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ይላል። ትንፋሽ የለውም። ከዚያ እንደ ሰመጠ ሰው ተንፈራግጦ ይመለሳል። ሌሊቱን በሙሉ እንዲህ ነው።»

ጋሽ ምቾት ከመደንገጥ ይልቅ ተቀየመ፤ ማስታወቂያውን በሰው ፊት ቀደደችበት። ሐኪሟ ግን ሰውነቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ አንድ ሌሊት አስተኛችውና ውጤቱን ነገረችው። ትንፋሹ በሰዓት ሠላሳ አራት ጊዜ ይቋረጣል። ወገብዎ አላረጀም አልልዎትም አለችው፤ ግን አካል በእንቅልፍ ካላረፈ ትንሿን ህመም ትልቅ አድርጎ ያሰማል፤ እርስዎ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ተጋደሙ እንጂ አልተኙም።

አየር የሚነፋ ማሽን ከነማስኩ ተሰጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠልቀው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ ፈራ። ግን ለመደው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት በር አንኳኩቶ ደህና ናችሁ ወይ አለ፤ ጸጥታው አሳስቦት ነው። ህመሙ ወዲያው አልለቀቀውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በወሩ አንገቱ ላላ፣ በሁለት ወሩ ትከሻው እሺ አለ፣ ወገቡም ማጉረምረም እንጂ መጮህ ተወ።

ግራ ጎኑ ግን ፍንክች አላለም። ያቺ ሳንቲም የምታክል ቦታ እንዲያውም ባሰባት። መርፌውን ለመሳብ ሰውነቱን ጠምዘዝ ባደረገ ቁጥር ትወጋውና እጁ ይለቀዋል። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ደግሞ ደረሰ፤ ወንድሙ የመደርደሪያውን ቦታ ሊለካ ነገ እመጣለሁ ብሎ ላከ።

ጋሽ ምቾት እንግዲህ አንድ መላ ብቻ ቀረኝ አለ። አስራ ሁለተኛውን ፍራሽ ጀመረ። ስፖንጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተጋደመበት፤ ጎኑ የሚያርፍበት ላይ በእርሳስ ከበበ፤ ተነስቶም ያችን ቦታ በቢላዋ ጎድጓዳ አድርጎ ቦረቦራት። እንዲህ ያለ ፍራሽ በዓለም የለም እያለ ለሚስቱ ልኩን ነገራት፤ ሽፋኑም እንደዚሁ ጎድጎድ ይበል አላት።

እሷ ጎድጓዳውን አየችው። ከዚያ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ስፖንጁን አታበላሽ» አለችው። «ጎንህን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

ክርኗን አነሳች። «ትንፋሽህ ሲጠፋ በዚች እወጋሃለሁ። ስወጋህ ትተነፍሳለህ።»

ጋሽ ምቾት ቢላዋውን አስቀመጠ። አሁን ማሽን አለኝ አይደል፣ ለምን ትወጊኛለሽ አላት። እሷም ድሮ ማንኮራፋቱን እየሰማች ትጠብቀው እንደነበር፣ አሁን ግን ጸጥ ስለሚል በሕይወት መኖሩን የምታውቅበት አጥታ እንደባሰባት ነገረችው። ሐኪሟ ፊት ክርኗን ያልጠቀሰችው አፍራ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ዓይኖቿ ግን ቀልተዋል። እሱም ዓይኖቿ ሁልጊዜ ቀይ እንደሆኑ አሁን ገና አየ። በሰዓት ሠላሳ አራት ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት። በሰው ፊት ሲያሾፍባት የኖረው የቀን እንቅልፍ ትዝ ሲለው አንጀቱን በላችው።

በማግስቱ ማሽኑን ተሸክሞ ሱቅ መጣ። እኩለ ቀን ላይ በሩን ገርበብ አደረገ፣ አስራ ሁለተኛውን ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋ፣ ማስኩን አጠለቀና ተጋደመ። እሷንም ከጎኑ አስተኛት። ማስኩ ላይ ትንፋሽ የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ መዳፏን ይዞ እዚያ ፊት ለፊት አደረገላት። ሞቅ ያለ አየር እጇ ላይ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ።

«ይኸው» አላት ማስኩ ውስጥ ሆኖ። «ይህ እስካለ እኔ አለሁ።»

እጇን ሳታነሳ ቆየች። ክርኗ ላላ፣ ትከሻዋ ላላ፣ ከዚያ ተኛች። ትንሽ ቆይታም ማንኮራፋት ጀመረች፤ እንዴት ያለ ማንኮራፋት! ሲባጎው ጠረጴዛው ላይ የሚነዝር ነበር የሚመስለው። ጋሽ ምቾት ክርኑን አነሳ። አሰበበትና መልሶ አወረደው።

ወንድሙ ሜትሩን ይዞ የገባው ይሄኔ ነው። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ምቾት ማስኩን ዝቅ አድርጎ በሹክሹክታ «መደርደሪያህን ሌላ ሱቅ ፈልግለት» አለው። «ይህን ፍራሽ ገና አልሰፋሁትም።»

ወንድሙ የተኛችውን በአገጩ እያመለከተ እሷስ ምን ሆነች አለው።

«አታስነሳት። ዘጠኝ ዓመት ተረኛ ነበረች፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።»

ወንድሙ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ጋሽ ምቾት ማስኩን መልሶ አጠለቀ፣ መዳፉንም ወደ ሚስቱ አፍንጫ አስጠግቶ ትንፋሿን ይቆጥር ጀመር። አንድም ሳይዛነፍ ይመጣ ነበር።