ሲሚንቶ የለበሱ መጻሕፍት

የሺ ነገሩን ያነሳችው ምሳ ላይ ነው፤ ሞገስ ጎርሶ መከራከር እንደማይሆንለት ታውቃለች። እሁድ ለልጃቸው ለህሊና ሽማግሌ ይመጣል። ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆ የሚደረደርበት ቦታ የለም፤ ያለውን መደርደሪያ መጻሕፍት ይዘውታል። ስለዚህ መጻሕፍቱ ይውጡና ታቢታ ሱቅ ይሂዱ፤ ለስኳር መጠቅለያ ይሆናሉ።

ሞገስ እንደምንም ዋጠና እነዚያ መጻሕፍት ሕይወቱ እንደሆኑ ተናገረ።

«ሕይወትህ ከሆኑማ እስቲ የአንዱን ስም ጥራልኝ።»

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ የቤት ለቤት ፍተሻ ሊጀመር ነው የሚል ወሬ በከተማው ባህል አዳራሽ በኩል ተናፈሰ። የጂኦግራፊ መምህሩ ሞገስ ደግሞ የሄደው መንግሥት ያሳተማቸው አምስት ስድስት መጻሕፍት ነበሩት። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሸፈናቸው። ራቅ ብሎ ሲያያቸው ግን ራቁታቸውን ከቆሙት መሃል የለበሱት እነሱ ብቻ ሆኑ፤ በራሳቸው ላይ አሳበቁ። እናም ሁሉንም አለበሳቸው። ፈታሽ የተባለ አልመጣም። ሞገስም የትኛው የቱ እንደሆነ ጠፍቶት፣ ከዚያ ወዲያ አቧራቸውን ከማራገፍ በቀር አልነካቸውም።

የሺ ፈረደች፦ ሳይገልጥ ስሙን ያወቀው መጽሐፍ ይቀመጣል፤ የሳተው ታቢታ ሱቅ ይወርዳል። ሞገስ ተስማማ። ምን ምርጫ ነበረው።

የመጀመሪያውን በመዳፉ መዘነ፤ አሸተተም። የዓለም አትላስ ነው፣ እጄ አይረሳውም አለ። የሺ ወረቀቱን ላጠችው። የዶሮ እርባታ መመሪያ ነበር፤ ያውም በድርብ ወረቀት ተጠቅልሎ በሙጫ የታሸገ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ዶሮ ነው የደበቅከው?»

ሞገስ አልሰማትም። ቆሞ እያነበበ ነበር። እንቁላል ሳይሰበር ጫጩት ይኑረው አይኑረው በሻማ ብርሃን እንደሚለይ፣ መምህር ሆኖ ፀጉሩ እስኪሸብት ማንም አልነገረውም። ሁለተኛውን መዝገበ ቃላት ነው ብሎ የልብስ ስፌት ወጣለት። ሦስተኛውን ተረት ነው ሲል ስለ ንብ ሆነ። የታቢታ ክምር ከፍ ከፍ አለ። የሚገርመው፣ ሰውየው በተሸነፈ ቁጥር ፊቱ እየበራ መሄዱ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ «ሌላ አምጪ» ይላል፤ የማያውቀው አጎት ውርስ የላከለት እንጂ ቤቱ የሚራቆትበት ሰው አይመስልም። አንዱን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው።

የሺ ይሄ ነገር አላማራትም። ለማሸነፍ እሷ ሆና ለመደሰት እሱ። ከመጨረሻው ረድፍ ቀጠን ያለውን መዘዘች።

«ቆይ፣ ይሄን እኔ ልበል። የጸሎት መጽሐፍ ነው።»

ጠርዙን በጥፍሯ ፈለቀቀችው። የፍቅር ልብ ወለድ ነው። የፊት ገጹ ላይ ደግሞ ስሟ በራሷ የልጅነት ጽሕፈት ተጽፏል። ግማሽ ላይ አድርሳው፣ የታሪኩ ሴትዮ ከአውቶቡስ ልትወርድ ስትል መጽሐፉ የጠፋባት ነው። ጎረቤቷን ሙሉጌጥን ጠርጥራ እስከ ዛሬ ሰላምታዋን በግማሽ ስትሰጣት ኖራለች።

ባሏን ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ግን መጀመሪያ ሴትዮዋ መውረድ አለመውረዷን ማወቅ ነበረባት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሞገስ የንቡን መጽሐፍ ይዞ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ። ሁለቱም ማንበብ ያዙ። አልፎ አልፎ ብቻ ከመካከላቸው አንዱ «ስማ እስቲ»፣ ሌላው «ስሚ እስቲ» ይላል፤ ሁለቱም አይሰሙም።

ህሊና አዲሶቹን ብርጭቆዎች በካርቶን ይዛ ከባጃጅ ወርዳ ስትገባ፣ የምታየውን ማመን አቃታት። ወለሉ በሲሚንቶ ወረቀት ተሞልቷል። ታዲያ ብርጭቆው የት ይሁን ብላ ጠየቀች።

እናቷ ገጹን ገለጠች እንጂ ቀና አላለችም።

«አልጋ ስር አድርጊው የኔ ልጅ። መደርደሪያው ላይ ሰው አለበት።»