ብድግ ስትል የሚመጣው

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባታል። የደም ግፊቷ አሻቅቦ አልወርድ ቢል ሐኪሙ አዲስ ክኒን ጨመረላት። መድኃኒቱን ያመጣችላት ፋርማሲ የምትሠራው አንድ ልጇ ናት። «እማዬ፣ ሊያዞርሽ ይችላል። ካዞረሽ ንገሪኝ» አለቻት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልክ ሲጮህ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። ወለሉ እንደ ውሃ ተናጠ፤ የመስኮቱ ብርሃን ወተት መሰለ፤ ጆሮዋ ውስጥ የሩቅ ዝናብ ወረደ። በዚያ ነጭ ጭጋግ መሃል ባሏ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ዛሬም የሰው ልብስ ትሰፊያለሽ፣ የራስሽ ቀሚስ ተተርትሮ!» አላት፣ እንደ ልማዱ እያሾፈ።

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ዓይኗ ጠራ። በሩ ብቻውን ቀረ።

ለልጇ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ቁጭ ብድግ ሆነ። ባሏ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። መቅረቱ ሲበዛባት ክኒኑን ደራርባ ዋጠችው።

ልጅቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ እናቷ ከጠረጴዛው ሥር ተዘርራለች። ደም ማቅጠኛም ስለምትወስድ ክንዷ እስከ ትከሻዋ በልዟል። ልጅቱ ተሸክማ ሐኪም ቤት አደረሰቻት፤ ደግነቱ ጭንቅላቷን አልተመታችም።

«ለምን ደራረብሽው እማዬ? ልትገድዪኝ ነው?»

«አባትሽን ላየው ብዬ።»

ልጅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። «ክኒኑ እኮ የደም ሥርሽን ያላላዋል። ድንገት ስትቆሚ ደሙ ወደ እግርሽ ይወርድና አንጎልሽ ለጥቂት ደም ያጥረዋል። ሌላ ምንም አይደለም።»

«እሺ፣ እሱ ይሁን። የአባትሽን ቀልድስ ክኒኑ ከየት አመጣው?»

ልጅቱ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰው። ወለሉ ረጋ፤ ባሏም ቀረ። ልጅቱ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። ጠዋት ጠዋት እናቷ ከመነሳቷ በፊት፣ ደሟ እስኪረጋጋ፣ ሁለቱም እግራቸውን አንጠልጥለው አልጋው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

«በሠርጋችን ዕለት ጫማው ጠቦት በካልሲ ነው የጨፈረው» አለች እናት አንድ ጠዋት።

«ነግረሽኝ አታውቂም!»

«መቼ ቁጭ ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

ልጅቱ ሥራ እንደረፈደባት ታውቃለች። «ካልሲው ምን ዓይነት ነበር?» አለቻት።