ምሳውን ማን ይሠራል?

ምክር ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ፊት ለፊት «የተከበሩ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «እሾህ»። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም ከሁለቱ የምትወደው የኋለኛውን ነው። «የተከበሩ» የሚሏት ሰዎች አንድም ቀን አክብረዋት አያውቁም፤ «እሾህ» ሲሏት ግን ቢያንስ እንደወጋቻቸው ያምናሉ።

ከወንበሯ ሆና አዳራሹን ስታይ ሁልጊዜ የሚገርማት አንድ ነገር ነው፤ የእነዚህ ሰዎች እናቶች ምን ተስፋ አድርገው ወለዷቸው? ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። ከኋላዋ የሚቀመጠው ቆዳ ነጋዴ ጫማውን አውልቆ ጣቶቹን ያናፍሳል። ሕግ ሲነበብ የሚሰማ የለም፤ «የምትደግፉ» ሲባል ግን ተኝቶ እንደተያዘ ዘበኛ ሁሉም ብንን ይላል። እጅ የሚወጣበትንና የማይወጣበትን የሚነግራቸው የመንግሥት ተጠሪው ነው። እሱን ደግሞ ጅራፍ ይሉታል፤ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻላ። አባላቱን በጓሮ ሲያስፈራራ ይውልና ማታ በዜና ወጥቶ «አስፈራሩን» ብሎ ያለቅሳል።

የጅራፍ ሥራ ከባድ አይደለም። ያለው መመሪያ አንድ ነው፤ እሾህ እጇን ካወጣች ሰብስቡ፣ እሾህ ከሰበሰበች አውጡ። ለዚች ጥበቡ መኪና ከነሾፌሩ ተሰጥቶታል።

እሾህ ያደገችው ኩሽና ውስጥ ነው። እናቷ የአንድ ዳኛ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እናትና ልጅ ከምድጃው ጀርባ፣ መጥረጊያና የከሰል ጆንያ በሚቀመጥበት ጓዳ ያድሩ ነበር። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ረግማው ትገላገል ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ልትሸለም ነውና እናቷ ትምህርት ቤት ተጠራች። ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ዳኛው መነጽሩን አወለቀ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «ታዲያ ምሳውን ማን ይሠራል?» አላት።

ቀልዱን አልነበረም። ለጥያቄው ሌላ መልስ ይኖረዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። እናቷ ሽንኩርቷን ልትልጥ ተመለሰች፣ ልጅቷም ሽልማቷን ብቻዋን ተቀበለች። እናቷ አንድ ሙሉ ቀን ሳታርፍ ሞተች። የቀብሯ ዕለት እንኳ ዳኛው ቤት እንግዳ ስለነበረ ልጅቷ የቁርሱን ሳህን አጥባ ነው ወደ ቀብሩ የሄደችው።

ከዚያ በኋላ ልብስ እጥበት ቤት ተቀጠረች፤ አጣቢዎቹን በማኅበር አደራጅታ ተባረረች። ታሰረች፣ ተፈታች፣ ማታ ማታ ሕግ ተማረች፣ እንደገና ታሰረች። እስር ቤት የወለዱ ሴቶች ልጃቸውን እንዳይነጠቁ ተሟግታ ረታች። በትልልቆቹ ፎቆች ሠራተኞች ከነቅርጫታቸው ደረጃ የሚወጡት ቀርቶ እንደ ማንም በአሳንሰር እንዲወጡ ያደረገችው እሷ ናት። በመጨረሻ በአንዲት ትንሽ ግራ ዘመም ፓርቲ ስም ተመርጣ ምክር ቤት ገባች። የፓርቲዋ ጓዶችም ቢሆኑ ጉዳቸው ብዙ ነው። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲፋጩ ያመሹና ቤታቸው ሲደርሱ ጫማቸውን ለሠራተኛዋ ይወረውራሉ።

ዕድሜዋን የፈጀችበት ሕግ ግን አንድ ነበር። የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ፣ ውሏም በጽሑፍ ይሁን። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። በየዓመቱ ታቀርበዋለች፣ በየዓመቱ ይወድቃል። ጅራፍም ሁልጊዜ ያችኑ ንግግር ይደግማታል፤ «ሠራተኛ እኮ የቤተሰብ አባል ናት! የቤተሰብ አባል ከቤተሰቡ ዕረፍት ይወጣል?» ይጨበጨብለታል። የቤተሰብ አባሏ ግን ከገበታው ቀርባ አታውቅም፤ ውርስ ሲከፋፈልም የሚጠራት የለም።

ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ለምርጫም አትቀርብም። ጅራፍ ይህን ስለሚያውቅ ሕጉን በመጨረሻው ስብሰባ አስያዘላት፤ በሕዝብ ፊት አንዴ ጥሎት አብሯት ሊቀብረው።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ቤቷ መጣች። ሊቀመንበር ይበሏት እንጂ ሥራዋ የሰው ቤት ምግብ ማብሰል ነው፤ ለስብሰባ የምትወጣውም ጥርሴን ልነቀል እያለች ነው። እስካሁን በእመቤቷ ቆጠራ ጥርስ ሊኖራት አይገባም ነበር።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ ይሆን ይመስልዎታል?»

«ስንት ዓመት 'አንቺ' በይኝ አልኩሽ? እኩል ነን እያልን እየተሟገትን?»

«ኧረ ምላሴን ይቁረጠው! እርስዎን?» አብሳይዋ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እንደሆን ሌላ ሰው አላምንም። እጅዎ ሲወጣ ከላይ ከአዳራሹ ሰገነት ሆኜ ባየሁት ቁጥር እናቴ የተነሳች ይመስለኛል።»

እሾህ ያቀደችውን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ይህች ሴት አፏ ቢይዝ ፊቷ አይዝም፤ ደስ ካላት በሰልፍ መሃል ያስታውቅባታል። ከላይ ተቀምጣ ፈገግ ካለች ጅራፍ ይነቃል። እሾህ አፏን መልሳ ዘጋች፤ ያን ጊዜ እንደ ሌባ ተሰማት።

በማግስቱ ጠዋት የምክር ቤቱ ሴቶች መታጠቢያ ክፍል ገብታ ሬዲዮን ጠበቀች። ሬዲዮ የጅራፍ ሚስት እህት ናት፣ በዚሁ ዝምድና የምክር ቤት አባል የሆነች። በዚህ ሕንፃ አንድ ነገር በፍጥነት እንዲሰራጭ የፈለገ ሰው ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ ለሬዲዮ በምስጢር ይነግራታል።

«ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረሳ?» አለቻት ሬዲዮ በመስተዋቱ ውስጥ።

«ተይኝ እህቴ። የገዛ ሕጌን ልጥለው ነው።»

ሬዲዮ ከንፈሯን ቀለም ስትቀባ ቆመች። «ምን አልሽ?»

«አስቢው እስቲ። ሕጉ ካለፈ በየቤቱ ያለች ሠራተኛ በምርጫው ድምጿን ለማን ነው የምትሰጠው? ለእኔ ለምሄደው? ላሳለፈላት መንግሥት ነዋ! እኔ ዕድሜዬን በገበርኩበት ሕግ ጅራፍ ምርጫ ሊያሸንፍ? በቁሜ! ዛሬ ተነስቼ እቃወመዋለሁ፤ ወድቆ ይቅር። ደግሞ በእናትሽ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ምን በወጣኝ!» አለች ሬዲዮ፤ እጇን ሳታደርቅ ወጣች።

እሾህ መስተዋቱ ፊት ብቻዋን ቀረች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ቆራጩ ምን እንደሚሰማው ግን ማንም አልተናገረም።

አዳራሹ ውስጥ ጅራፍ ከወንበር ወንበር ይሯሯጣል። በአንዱ ጆሮ ያንሾካሹካል፣ ሌላውን ክንዱን ይቆነጥጣል፣ ቆዳ ነጋዴውን ቀስቅሶ ጫማውን ያስደርገዋል። ላይ፣ ከሰገነቱ፣ አብሳይዋና ጓደኞቿ በተዋሱት ልብስ አጊጠው ተደርድረዋል። አፈ ጉባኤው ሕጉን አስነበበና ለእሾህ ዕድል ሰጣት።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለች ተነስታ፣ «ይህን ሕግ እቃወማለሁ።»

የራሷ ጓዶች አንገታቸውን አዙረው እንዳበደች ሰው አዩዋት።

እሾህ ግን ገና መጀመሯ ነው። ስትሰማው የኖረችውን የእነሱኑ ንግግር ከነአፍንጫ ድምፁ ታወርደው ጀመር። ሠራተኛ የቤተሰብ አባል ናት አለች። ዕረፍት ብንሰጣት የት ልትሄድ ነው፣ መንገድ ላይ ትባልጋለች እንጂ አለች። ውል በጽሑፍ ብንሰጣት ማንበብ ትማርና ትጠግባለች አለች። አንዷንም አልፈለሰፈችም፤ ሁሉም በዚሁ አዳራሽ ተነግሮ የተጨበጨበለት ነው።

«ሰው አይደሉም ወይ?» ብሎ ጮኸ ቆዳ ነጋዴው። የእሱ ሠራተኛ በኮሪደር ላይ ነው የምትተኛው።

«ያሳፍራል!» አለች ሬዲዮ።

ጅራፍ ተነሳ፤ ክራቫቱን አስተካከለ። «እነዚህ እናቶቻችን፣ እነዚህ እህቶቻችን፣ ለዘመናት ጎንበስ ብለው ሲያገለግሉን...» ድምፁ ተቆራረጠ። እያለቀሰ ነው! ሌላ ጊዜ ቢሆን እሾህ በሳቅ ትሞት ነበር። የእሷን ንግግር፣ ዓመት ዓመት የጣለባትን፣ ቃል በቃል እየደገመው ነው። ለካ ሲሰማ ኖሯል! ይህ ነው አንጀቷን ያቃጠላት፤ አልገባቸውም እያለች ስታዝንላቸው ኖራ፣ ለካ ገብቷቸው ነበር።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች እሾህ። ድምጿ ሳታስበው ቀጠነ። ከዚህ በኋላ ያለው ትወና አልነበረም። «የተከበራችሁ አባላት፣ እሷ ከሄደች ምሳውን ማን ይሠራል?»

ጅራፍ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ራሳችን እንሠራዋለን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንቁላል ጠብሶ የማያውቅ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ።

«የምትደግፉ» አለ አፈ ጉባኤው። እጅ እንደ ጫካ ወጣ። የእሾህ ጓዶችም ዓይናቸውን ከእሷ እያሸሹ እጃቸውን አወጡ። «የምትቃወሙ።»

እሾህ እጇን አወጣች። ብቻዋን ነበረች፤ ብቸኝነቱስ ልማዷ ነው። ግን በዚያች ክንድ ሕይወቷን ሙሉ ያን ያህል ከባድ ነገር አንስታ አታውቅም። ቀና ብላ ወደ ሰገነቱ አየች። አብሳይዋ ቆማለች። ሕጉ ማለፉን ያዩት ጓደኞቿ ይተቃቀፋሉ፤ እሷ ግን አልተቃቀፈችም። ያችን እጅ ብቻ ታያለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች።

ቀሪው እንደሚሆነው ሆነ። ፓርቲዋ «ከሃዲ» ብሎ አባረራት፤ መግለጫውን የጻፈው ከጫማ ወርዋሪዎቹ ጓዶች አንዱ ነው። ጅራፍ «የሠራተኞች አባት» ተብሎ ሜዳሊያ አንጠለጠለ። በየጋዜጣው ሽንኩርት ሲከትፍ የተነሳው ፎቶ ወጣ፤ ቢላውን የያዘው ተገልብጦ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ደውሎ «ለምን ተቃወሙ?» አላት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ስሟ ይነጻ ነበር። ነገር ግን ያጸደቀ እጅ መሻር አይከብደውም፤ ጅራፍ እንደተታለለ በሰማ በሳምንቱ፣ ለብስጭቱ ሲል ብቻ፣ ሕጉን ያስሽረዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ እንዳይለቅ ግን ሞኙ ሞኝነቱን ማወቅ የለበትም። «ይህ የኔ አቋም ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ከዚያም የስልኩን ገመድ ይዛ አለቀሰች። ተራቀቀች፣ ብልጥ ነች፣ አሸነፈች። ሆኖም በመንገድ ስታልፍ ቅርጫት የያዙ ሴቶች ምራቃቸውን ሲተፉ ልቧ ይሰበራል። ይህን ብልጠት አያድነውም።

ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት በመጀመሪያው እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በሯ ተደበደበ። አብሳይዋ ናት። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ፊቷ ግን ነዷል።

«ግቢ» አለቻት እሾህ።

«እገባለሁ እንጂ! ልሰድብሽ ነው የመጣሁት። አንቺ ውሸታም! አንቺ ከሃዲ!»

ዓመታት የለመነችው «አንቺ» ይኸው መጣላት። እሾህ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«እናቴን አስመስለሽ ልቤን ወሰድሽው! ያቺን እጅሽን ስታወጪ እኔ ከላይ...» አብሳይዋ ትንፋሽ አጠራት። «ይኸው፣ የናቅናቸው አሳለፉልን፤ ያመንንሽ አንቺ ከለከልሽን! ምን ትያለሽ?»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለች እሾህ።

«እሁድ ነዋ! ቀኑም ጠፋሽ?»

«እመቤትሽ ቤት ምሳውን ማን እየሠራ ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ!» አለች አብሳይዋ። «የዕረፍት ቀኔ ነው!»

እሾህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በትምህርት ቤት ሽልማቷን ይዛ ብቻዋን የቆመችበት ቀን ትዝ አላት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ጉልበቷን እየደገፈች ሄዳ ወንበር ሳበችላት።

«እንግዲያው ቁጭ ብለሽ ስደቢኝ። ምን ያስቸኩልሻል?»

አብሳይዋ ተቀመጠች። እስኪመሽ ሰደበቻት።