የዲቫካራን ተራ

አባቴ ኢቲ ራቪ ጧት ጧት በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሂንዱዎችን ቅዱስ ቃል፣ ቬዳን፣ ሲያዜም፣ አንድ ስንኝ ካለ በኋላ ዝም ይላል። ሌላ ስንኝ የሚያስብል ያህል ጠብቆ ደግሞ ይቀጥላል። ልጅ ሳለሁ ዝምታው የጸሎቱ ክፍል ይመስለኝ ነበር።

«የዲቫካራን ተራ ነው» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን፣ ኮኮናት እየፈቀፈቀች።

ዲቫካራንና አባቴ ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ መምህር ዘንድ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የተማሩት። ዜማው ከመጽሐፍ አይያዝም፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ ደግሞ በቀኝ እጅ ጣቶች ይታያል። ዲቫካራን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባቡር መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ቦምቤይ ገባና በዚያው ቀረ። አርባ አንድ ዓመት። አባቴ ሌላ ተቀባይ ቢያመጡለትም እንቢ አለ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሳምንት፣ አንድ ከሲታ ሽማግሌ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ትክ ብሎ አየው።

«ዘገየህ» አለው።

ሰውየው ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈና ሰጠኝ። የአባቴ ዓይን ስለደከመ እኔ አነበብኩለት፦ «ባቡሩ ነው ያስዘገየኝ።»

አባቴ ሳቀ። ቀጥሎ የተጻፈውን ሳነብለት ግን ሳቁ ቆመ። ዲቫካራን ካንሰር ይዞት ማንቁርቱን በቀዶ ጥገና አውጥተውታል፤ ድምፅ የለውም።

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ? ልትሰማኝ?»

ዲቫካራን ደብተሩን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ። ፊት ለፊቱ ተቀመጠና በአገጩ ‹ጀምር› አለው።

አባቴ ጀመረ። ተራውን ጨርሶ ዝም ሲል የዲቫካራን ቀኝ እጅ ተነሣ። ጣቶቹ ታጠፉ፣ ተዘረጉ፣ መዳፉ ከፍ ብሎ ወረደ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከጣቶቹ ላይ ሳይነቅል ተከተለው። እንዲህ እየተቀባበሉ ሄደው መሐል ላይ ዲቫካራን ወለሉን መታ። አባቴ ተሳስቶ ነበር። ደገመው፤ አሁንም ወለሉ ተመታ። በሦስተኛው ተቃና።

«ስንት ዓመት እንደዚያ ስል እንደኖርኩ እንጃ» አለኝ በኋላ። «የሚመታልኝ ሰው አልነበረኝማ።»

ስድስት ቀን አብረው ተቀመጡ። በሰባተኛው የሐኪም ቀጠሮው ደረሰና ከወንዙ ድልድይ ወዲህ እስካለው አውቶቡስ ማቆሚያ ሸኘነው።

«ትመለሳለህ?» አለው አባቴ።

«ሐኪሙን ጠይቅ» ብሎ ጻፈ ዲቫካራን፤ ከዚያ የአባቴን እጅ ያዝ አድርጎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ አባቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ጃንጥላውን ዘረጋሁለት።

«እንግባ፣ አባባ።»

«ቆዪ» አለኝ ወንዙን እያየ። «ገና ድልድዩን አልተሻገረም።»