ድልድይ የተሻገሩት መቶ አርባ ላሞች

በከብት እርባታዋ በምትታወቀው በጓናካስቴ፣ ከብቶች የሚያገሱት አየር የሚያሞቅ ጋዝ ምን ያህል እንደሆነ እንዲታወቅ፣ በወረዳችን ላሞቹን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ቁጥሩ በመቶ አርባ ስለ ቀነሰ፣ እሑድ በሚውለው የወረዳችን በዓል ጋዛችን መቀነሱን ላበሥር ተዘጋጅቼ ነበር። ቅዳሜ ግን ከድልድዩ ማዶ ያለውን ወረዳ ላሞች የሚቆጥሩት ወይዘሮ፣ ዶኛ ኤውዱቪጌስ፣ መዝገባቸውን ታቅፈው መጡ።

«ዶን አቡንዲዮ፣ የጠፉብዎት ላሞች እኔ ዘንድ እየጋጡ ነው።»

«ምን ይላሉ?»

«እርስዎ አምና ጠዋት ቆጠሩ። ዘንድሮ ግን ከምሳ በኋላ፣ ላሞቹ ድልድዩን ተሻግረው መስኬ ከገቡ ወዲያ። እንቅልፍ ጣለዎት አይደል?»

እውነት ነበርና አፈርሁ። አምናማ እኔ ጠዋት፣ እርሳቸው ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችንም ቆጥረናቸው ኖሯል! ስለዚህ አንድ ደንብ አቆምን፦ ላም የምትቆጠረው ጎህ ሲቀድ፣ በምትታለብበት በረት ነው። እርሳቸው መቶ አርባዎቹን ከሁለቱም ዓመት መዝገባቸው ሰረዙ፤ እኔም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ብቆጥር ሁሉም ተገኙ።

በበዓሉ ላይ ጋዛችን ቅንጣት እንዳልቀነሰ ተናገርሁ። ከዚያ አንድ አላቢ «አይዞዎት ዶን አቡንዲዮ! ላሞቹ ለሽርሽር ሄደው ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። ዶኛ ኤውዱቪጌስም በቅጠል የተጠቀለለውን ትልቁን የበቆሎ ታማል ሳህኔ ላይ አኖሩና «ለከርሞ በሌሊት መጥቼ እቀሰቅስዎታለሁ» አሉኝ።